በሽያጭ አጋርነትና በጦማር ገቢ ለማግኘት ላሰቡ ዜጎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

«ከቤትዎ ሳይወጡ በስልክዎ ብቻ ገቢ ያግኙ» የሚሉ ማስታወቂያዎች በቴሌግራምና በፌስቡክ በየዕለቱ ይሠራጫሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ «አፊሊየት ማርኬቲንግ» የሚለውን ስም ይጠቀማሉ። ስሙ የሚያመለክተው እውነተኛና ሕጋዊ የሥራ ዘርፍ መኖሩ አያጠራጥርም፤ በዚያው ስም ተከልለው የዜጎችን ጥሪት የሚወስዱ አካላት መኖራቸውም እንዲሁ። ሁለቱን ለመለየት «ገንዘቡ የሚወጣው ከማን ኪስ ነው?» ብሎ መጠየቅ በአብዛኛው ይበቃል። በትክክለኛው አሠራር ከፋዩ ዕቃ ወይም አገልግሎት የሸጠው ድርጅት ሲሆን፣ ሥራውን የሚጀምረው ሰው ለመመዝገብ የሚከፍለው ገንዘብ የለም። ይህ ማብራሪያ ዜጎች ጊዜያቸውንና ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት አሠራሩን፣ የሚጠበቀውን የገቢ መጠን፣ ክፍያው ወደ አገር ውስጥ የሚገባበትን መንገድና ከሕግ የሚመነጩ ግዴታዎችን እንዲያውቁ ታስቦ ተዘጋጅቷል።

አሠራሩ

አፊሊየት ማርኬቲንግን በአማርኛ የሽያጭ አጋርነት ልንለው እንችላለን። ሐሳቡ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ተከራይን ከአከራይ፣ ገዥን ከሻጭ አገናኝቶ ኮሚሽን የሚወስድ ደላላ በየሰፈሩ አለ። የሽያጭ አጋርም በመሠረቱ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ሆኖም ኮሚሽኑን የሚቀበለው ከሻጩ ብቻ ነው፤ ገዥው በእርሱ በኩል በመምጣቱ የሚጨምረው ዋጋ አይኖርም።

አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የአጋርነት መርሐ ግብሩን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ ዛሬ በዘርፉ ከሚታወቁት ቀደምት መርሐ ግብሮች አንዱ ነው። አጋር ሆኖ የተመዘገበ ሰው የራሱ መለያ ያለበት ማስፈንጠሪያ ይሰጠዋል። ይህንንም ስለ ዕቃው በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ያስገባዋል። አንባቢው ማስፈንጠሪያውን ተጭኖ ወደ መደብሩ ሲገባ መለያው ለተወሰነ ጊዜ ይመዘገባል፤ በአማዞን ዘንድ ይህ ጊዜ በመደበኛነት 24 ሰዓት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተገዛው ዕቃ አጋሩ የጻፈበት ባይሆንም፣ ለምሳሌ አንባቢው መጽሐፍ ሊያይ ገብቶ ድስት ቢገዛ፣ ኮሚሽኑ ይታሰባል። ዕቃው ከተመለሰ ግን ኮሚሽኑም ይሰረዛል። በራስ ማስፈንጠሪያ ለራስ መግዛት አይቻልም፤ ወዳጅ ዘመድ እንዲገዛ መጎትጎትም ከደንቡ ጋር ይቃረናል። ከዚህም ሌላ አዲስ አጋር በ180 ቀናት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሽያጭ ካላስገኘ ምዝገባው ይዘጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ተመዝግቦ ከዚያ ስለ ጽሑፉ ማሰብ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ጥቂት ጠቃሚ ጽሑፎችና ጥቂት መደበኛ አንባቢዎች ሲኖሩ መመዝገቡ ይመረጣል።

ጦማር ወይም ብሎግ ማለት አንድ ሰው በመረጠው ርዕሰ ጉዳይ ላይ በተከታታይ የሚጽፍበት ድረ ገጽ ነው። ብሎገርና ዎርድፕረስ በነፃ መጀመር የሚያስችሉ አገልግሎቶች አሏቸው። በራስ ስም የተመዘገበ አድራሻ መግዛት በኋላ የሚመጣ ወጪ እንጂ የመጀመሪያ ቀን ግዴታ አይደለም።

ምን ያህል ገቢ ይገኛል?

በማስታወቂያዎቹ ዘንድ ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ በጥቅሉ ይታለፋል። እኛ ግን በአንድ ምሳሌ ብንመለከተው ይሻላል።

በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ለልጆቻቸው የፊደል ገበታና የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት ይፈልጋሉ፤ እነዚህም በአማዞን ላይ ይሸጣሉ። አንዲት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ከአማርኛ ውጭ በሆነ አካባቢ ለሚያድጉ ልጆች ፊደል እንዴት እንደሚያስተምሩ፣ የትኛው መጽሐፍ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚስማማ የምትጽፍበት ጦማር ከፈተች እንበል። ርዕሱ ጥሩ ነው፤ ጸሐፊዋ ሙያው አላት፣ አንባቢውም ዕቃው በሚሸጥበት አገር ይኖራል። አማዞን በአሜሪካ መደብሩ ለታተሙ መጻሕፍት የሚከፍለው ኮሚሽን 4.5 በመቶ ነው። መጽሐፉ 15 ዶላር ቢሆን ከአንድ ሽያጭ የሚደርሳት 67 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። በዚህ ስሌት 100 ዶላር ለማግኘት 149 መጻሕፍት መሸጥ አለባቸው።

ማስፈንጠሪያውን ከሚጫኑት 100 ሰዎች ሁለቱ ገዙ ብንል 7,450 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። ከሃያ አንባቢዎች አንዱ ማስፈንጠሪያውን ይጫናል ብንል ደግሞ ጽሑፎቿ 149,000 ጊዜ ያህል መነበብ ይኖርባቸዋል። እነዚህ ሁለት ግምቶች ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። በመጽሐፍ ምርጫ ላይ የተጻፈ ጥሩ ጽሑፍ ከዚህ የተሻለ ውጤት ሊያመጣ፣ ለሁሉም ሰው የተበተነ ማስፈንጠሪያ ደግሞ ምንም ላያመጣ ይችላል። ነገር ግን ስሌቱ በሳምንት ውስጥ ስለሚገኝ ብዙ ሺህ ብር የሚነገረውን ለመመዘን ይረዳል። ማንኛውም ሰው የራሱን ዕቃ ዋጋና የኮሚሽን መጠን አስገብቶ ሊሠራው ይችላል፤ የምንመክረውም ሥራን ከመልቀቅ ወይም ገንዘብ ከመበደር በፊት ይህንኑ በወረቀት ላይ እንዲሠሩ ነው።

የአንባቢውን አገር ማወቅ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። አማዞን በኢትዮጵያ መደብር የለውም። በአገር ውስጥ ለሚኖር አንባቢ በአማዞን ስለሚሸጥ ማደባለቂያ በአማርኛ መጻፍ፣ ጽሑፉ የቱንም ያህል ቢነበብ፣ ገዥ ለማግኘት አስቸጋሪ ነው። አንዳንድ ሠልጣኞች ከውጭ አገር የተቀዳ ትምህርት ተከትለው የሚደክሙበትና ተስፋ የሚቆርጡበት ምክንያትም ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ከዚህ ይልቅ የአካባቢ ዕውቀት ትልቅ ሀብት ሊሆን ይችላል። ባሌ ሮቤ ወይም ጎባ የሚኖር ወጣት ስለ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚያውቀውን ከሩቅ ሆኖ የሚጽፍ ሰው አያውቀውም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ቀይ ቀበሮን ለማየት የሚመጡ ጎብኚዎችም አሉት። ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው የሳነቴ አምባ ላይ ሌሊቱ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ፣ በየትኛው ወር መንገዱ እንደሚጨቀይ፣ ከዲንሾ ተነሥቶ ሐረና ጫካ ለመድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚገልጽ በጥሩ እንግሊዝኛ የተጻፈ ጽሑፍ ጎብኚው በእውነት የሚፈልገው ነው። ቡኪንግ ዶት ኮም፣ ቪያተርና ጌትዮርጋይድ የተባሉት የጉዞ አገልግሎት መድረኮች የአጋርነት መርሐ ግብር አላቸው። የሆቴል ኮሚሽን የሚከፈለው እንግዳው ቆይታውን ካጠናቀቀ በኋላ በመሆኑ ዛሬ የተደረገ ቦታ ማስያዝ ከወራት በኋላ ገቢ ሊሆን ይችላል። ወጣቱ አስጎብኚ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉ ከኮሚሽኑ ይልቅ የራሱን ደንበኛ በማምጣት የበለጠ ሊጠቅመው እንደሚችል ልብ ይሏል።

ከማስታወቂያ የሚገኝ ገቢ

ሌላው የጦማር ገቢ በገጹ ላይ ከሚወጡ ማስታወቂያዎች የሚገኘው ነው። በስፋት የሚታወቀው ጎግል እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው አድሴንስ ነው። አመልካቹ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ገጹ የተጻፈበት ቋንቋም አገልግሎቱ ከሚደግፋቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ መገኘት ይኖርበታል። በዚህ የተነሣ ጽሑፍ ከማከማቸት በፊት ዝርዝሩን ማየት ብዙ ድካም ያስቀራል።

ገቢው 10 ዶላር ሲደርስ አድራሻ ማረጋገጫ የሚሆን የምሥጢር ቁጥር በፖስታ ይላካል። ቁጥሩ በአራት ወራት ውስጥ ካልገባ ማስታወቂያዎቹ ከገጹ ላይ ይቆማሉ። በእኛ አገር ፖስታ በአብዛኛው የሚደርሰው በሣጥን በመሆኑ፣ አድራሻ ሲሞሉ የቤት ቁጥር ብቻ ማስገባት በቂ አይሆንም፤ የራስዎን ወይም ባለቤቱ የፈቀደልዎትን የፖስታ ሣጥን ቁጥር በትክክል ያስገቡ። ክፍያ የሚፈጸመው ገቢው 100 ዶላር ሲሞላ ነው። በራስ ገጽ ላይ ያለን ማስታወቂያ መጫን፣ ጓደኞች እንዲጫኑ ማድረግ ወይም በቴሌግራም ቡድን «እንተጋገዝ» እየተባባሉ መጫን ሒሳቡን ያዘጋል፤ የተጠራቀመው ገንዘብም ይቀራል።

ጽሑፍን በተመለከተ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት አማካይነት በቀን መቶ ጽሑፍ አምርቶ መጫን እንደ አቋራጭ ሲሰበክ ይሰማል። ጎግል እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ባወጣው መመሪያ ለአንባቢ ሳይሆን የፍለጋ ውጤትን ለመሻማት በጅምላ የተመረተ ጽሑፍን፣ ማንም ይጻፈው ማን፣ ከፍለጋ ውጤቱ እንደሚያስወግድ አስታውቋል። የሌላን ሰው ጽሑፍ ወይም ፎቶግራፍ ያለፈቃድ መውሰድ ደግሞ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያስጠይቃል።

ክፍያው እንዴት ይደርሳል?

ብዙዎች ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ገቢው ከተገኘ በኋላ ነው፤ መነሣት የሚገባው ግን ከምዝገባ በፊት ነው። እያንዳንዱ መርሐ ግብር የሚከፍልባቸውን መንገዶችና የሚከፍልባቸውን አገሮች ይዘረዝራል። በባንክ ዝውውር፣ በቼክ፣ በስጦታ ካርድ ወይም እንደ ፔይኦኒር ባሉ ድርጅቶች በኩል ሊሆን ይችላል። አንድ የክፍያ አገልግሎት ገንዘብ ለመላክ ክፍት ሆኖ ለመቀበል ዝግ የሚሆንበት ሁኔታ ስላለ፣ «መለያ መክፈት ቻልኩ» ማለት «ገንዘብ እቀበላለሁ» ማለት እንዳልሆነ ይገንዘቡ። በስጦታ ካርድ የሚከፈል ገቢም ለኢትዮጵያ ነዋሪ የሚሰጠው ጥቅም ውስን ነው።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገው የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ፣ ከውጭ አገር ገቢ የሚያገኙ ነዋሪዎች የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ መክፈት የሚችሉበት ዕድል ተፈቅዷል። ዝርዝር መስፈርቱንና የሚጠየቀውን ማስረጃ በሚጠቀሙበት ባንክ ቅርንጫፍ ይጠይቁ። ከኩባንያው ጋር የተገባውን የአጋርነት ስምምነትና የወር የገቢ መግለጫውን አትሞ መያዝ ባንኩ የገንዘቡን ምንጭ ሲጠይቅ ይጠቅማል። በመለያው ላይ የሚመዘገበው ስም በፋይዳ መታወቂያዎና በባንክ ሒሳብዎ ላይ ካለው ስም ጋር በፊደል ደረጃ አንድ መሆን አለበት፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ላይ የሚኖር የአንድ ፊደል ልዩነት ክፍያን ሊያዘገይ ወይም ሊያስመልስ ይችላል። የአሜሪካ ኩባንያዎች ደብልዩ-8 ቤን የተሰኘ የግብር ቅጽ ያስሞላሉ። ቅጹ የአሜሪካ ግብር ነዋሪ አለመሆንን የሚገልጽ በመሆኑ በእውነተኛ መረጃ ሊሞላ ይገባል። የሌላ አገር አድራሻ ወይም የዘመድ ስም ተጠቅሞ መመዝገብ ሒሳቡ ሲመረመር ለመዘጋት ይዳርጋል፤ ገንዘቡንም በሌላ ሰው እጅ ላይ ይጥላል።

ግብርና ሌሎች ግዴታዎች

በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት በኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው ከየትኛውም አገር የሚያገኘው ገቢ ለግብር የሚገዛ ነው። ከውጭ ኩባንያ መምጣቱ ወይም በዶላር መከፈሉ ነፃ አያደርገውም። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለ በመሆኑ፣ ገቢዎ በየትኛው ሠንጠረዥና መጠን እንደሚስተናገድ በአቅራቢያዎ ያለውን የግብር ጽሕፈት ቤት ማብራሪያ ጠይቀው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያውጡ። ሥራውን እንደ ንግድ በቋሚነት የሚያከናውን ሰው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008ም ይመለከተዋል። የኢንተርኔት፣ የኮምፒውተርና መሰል ወጪዎችን ደረሰኝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማስቀመጥ ትርፍን በትክክል ለማስላት ያስችላል።

የአንባቢዎችን ስምና የኢሜይል አድራሻ የሚሰበስብ ጦማሪ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተደነገጉ ግዴታዎች አሉበት። የትምባሆ ምርቶችን ማስተዋወቅ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ክልክል ነው። ከማስፈንጠሪያ ኮሚሽን እንደሚገኝ ለአንባቢ በግልጽ መንገር ደግሞ በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን መመሪያ የሚጠየቅ፣ አማዞንም በውሉ ውስጥ ያስገባው ግዴታ ነው። አንባቢን ላለማሳሳትም ቢሆን ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ከጽሑፉ አናት ላይ ማስፈር ተገቢ ነው።

ከማጭበርበር ስለ መጠበቅ

በሽያጭ አጋርነት ስም የሚፈጸሙ ማጭበርበሮች በአብዛኛው ሦስት ዓይነት መልክ አላቸው። አንደኛው አባል ለመሆን ገንዘብ የሚያስከፍልና ገቢውም በሚመጡት አዳዲስ አባላት ብዛት የሚወሰን ነው። እንዲህ ባለው አሠራር የመጀመሪያዎቹ የሚከፈላቸው ከኋለኞቹ መዋጮ በመሆኑ አዲስ ገቢ የቆመ ዕለት የኋለኞቹ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። አብዛኞቹ አባላት ደግሞ የኋለኞቹ ናቸው። ጎረቤትንና ዘመድን ይዞ የሚገባ በመሆኑም ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አይወሰንም፤ እኅትን ከወንድም ያጣላል፣ ዕቁብ ያፈርሳል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እንዲህ ያለውን የፒራሚድ ሽያጭ ይከለክላል።

ሁለተኛው «ተግባር» የሚሉት ነው። በታዋቂ ኩባንያ ስም የተከፈተ የቴሌግራም ቡድን ቪዲዮ እንዲወዱ ወይም ለሆቴሎች ኮከብ እንዲሰጡ ያደርግና በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ብር በእርግጥ ይከፍላል። ይህ ክፍያ ማጥመጃ ነው። ከዚያም «ከፍ ያለ ደረጃ» ለመክፈት ገንዘብ እንዲያስገቡ ይጠየቃሉ፤ በስልክዎ ላይ የሚታየው ሒሳብ ይጨምራል፤ ለማውጣት ሲሞክሩ ግን «ግብር»፣ «የማረጋገጫ ክፍያ» እየተባለ ተጨማሪ ይጠየቃል። ግብር የሚሰበስበው የመንግሥት ግብር ሰብሳቢ አካል እንጂ የቴሌግራም ቡድን አስተዳዳሪ እንዳልሆነ ማስታወስ በዚህ ቦታ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ክፍያው በክሪፕቶ እንዲሆን ከተጠየቀም ብሔራዊ ባንክ በክሪፕቶ የሚደረግ ግብይት ሕገ ወጥ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2022 ማስታወቁን ይወቁ።

ሦስተኛው የባንክ ሒሳብዎን ወይም የፋይዳ መረጃዎን በክፍያ «እንዲያከራዩ» የሚጋብዝ ነው። በሒሳብዎ የሚያልፈው ገንዘብ ከሌላ ተጎጂ የተወሰደ ሊሆን ስለሚችል ተጠያቂነቱ በቀጥታ በእርስዎ ላይ ይወድቃል።

የሥልጠና ክፍያን በተመለከተ ጥንቃቄ እንጂ ጥርጣሬ ብቻ አይበጅም። በክፍያ በቅንነት የሚያሠለጥኑ አሉ። ሆኖም አሠልጣኙ ዋና ገቢው ከሽያጭ አጋርነት ነው ወይስ ስለ ሽያጭ አጋርነት ሥልጠና ከመሸጥ ብሎ መጠየቅ የዜጋው መብት ነው። የኩባንያዎቹ ደንቦችና መመሪያዎች በየድረ ገጾቻቸው በነፃ ይገኛሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብርም ክፍያ አይጠይቅም። መርሐ ግብሩ ስለ ሽያጭ አጋርነት ባያስተምርም፣ በውስጡ ያለው የድረ ገጽ ፕሮግራሚንግ ኮርስ የራሱን ጦማር በራሱ ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው ያገለግላል።

ገንዘብ የተወሰደበት ሰው ቡድኑን ከመልቀቁ ወይም መልእክቶቹን ከማጥፋቱ በፊት የንግግሩን ምስል፣ የተላለፈበትን ሒሳብ ወይም ስልክ ቁጥር፣ የዝውውሩን መለያ ቁጥርና ሰዓት መያዝ አለበት። ወዲያውኑ ለላከበት ባንክ ወይም ለሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ሰጪው ማሳወቅ ገንዘቡ ሳይወጣ የመያዝ ዕድልን ይጨምራል። ቀጥሎም ማስረጃውን ይዞ በአቅራቢያው ለሚገኝ ፖሊስ ጣቢያ ማመልከት ይቻላል፤ በኮምፒውተር አማካይነት የሚፈጸም ማታለል በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነው። «ገንዘብዎን እናስመልሳለን» ብለው ክፍያ የሚጠይቁ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የዚያው ቡድን አባላት በመሆናቸው ምላሽ አይስጧቸው።